ቀለሙ ምን አጠፋ?

የጀልባ ሞተር ጥገና ላይ እንደሚመለስ ዕቃ የሚያናድደኝ የለም። ይኼኛው የታችኛው ማርሽ ቤት ነበር፤ ፕሮፔለሩ የሚገጠምበት፣ ውሎው ጨው ውሃ ውስጥ የሆነ የአሉሚኒየም ዕቃ። ከእኛ ዘንድ ሲወጣ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ሲመለስ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጧል። በጥፍር ሲነኩት ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይረግፋል።

ጭቅጭቁ ወዲያው ተጀመረ። አንዱ ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር የሚቀባው፣ ነው ይላል፣ ሌላው ርካሽ ቀለም ስለተገዛ ነው ይላል። ሁሌም እንዲህ ነው፤ ቀለም አፍ የለውማ።

ጋሼ ግን ዝም አሉ። ከሁላችንም የቆዩ መካኒክ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አንዱን እብጠት በካተር ፈልቅቀው ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«ና እስኪ እይ» አሉኝ።

ነጩ ዱቄት መሃል የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቡናማ ነጠብጣቦች አሉ።

«አሉሚኒየም ቡናማ ዝገት ያወጣል እንዴ?»

አያወጣም። አሉሚኒየም ሲበላ የሚያወጣው ነጭ ነው። ቡናማው የብረት ዝገት ነው። ታዲያ ብረቱ ከየት መጣ?

ዕቃውን ያጸዳው ልጅ ድሪል ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጥሞ ነበር የፋቀው። እውነት ለመናገር ይፈጥናል፣ ዕቃውንም ያሳምረዋል። ግን አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ብሩሹ ሲሽከረከር የብረት ብናኝ እየተሰካበት ይቀራል። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ጨው ውሃ ካገኛቸው ባትሪ ሆኑ ማለት ነው። በዚህ ባትሪ ተበልቶ የሚያልቀው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ አልተቆጡትም፤ የናይለን ብሩሽ ሰጡትና ከዜሮ ጀመርን።

ቀለሙ ተነስቶ ዕቃው በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ታጠበ። ጨው ቀለም ሥር ከቀረ እርጥበት እየሳበ እብጠቱን ይመልሰዋል። ቀጥሎ ቅባቱን በአሴቶን አነሳን። ይህ ከመፋቁ መቅደም አለበት፤ አለዚያ ቅባቱ በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ብረት ነክቶ የማያውቅ አዲስ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት።

ጊዜያችንን የበላው ጉድጓዶቹ ናቸው። አፉ ጠባብ ሆኖ ውስጡ በዱቄት የተሞላ ጉድጓድ አለ። ላዩን አይተህ ጸድቷል ካልክ አለቀልህ። የሚያበራ አሉሚኒየም እስኪታይ ድረስ አፉን ማስፋትና መፋቅ ነው። ልጁ ሰልችቶት ኮስቲክ ሶዳ ብንጠቀምስ ብሎ ጠየቀ።

«ዝገቱን ጨርሶ ማርሽ ቤቱንም ይበላልሃል» አሉት ጋሼ።

እየቀለዱ አልነበረም፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ያሟሟል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል።

መጨረሻ ላይ ውሃ አፈሰስንበት። ጠብታ ጠብታ እየሆነ ሳይሰበሰብ እኩል ከተነጣጠፈ ቅባት የለም ማለት ነው። እንደደረቀ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር ተነፋበት፤ የተፋቀ አሉሚኒየም ለነገ አይባልም።

ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ አልወደደለትም። ጎኑ ላይ የታሰረችው ግራጫ የዚንክ ቁራጭ አልተቀባችም።

«እሷ በማርሽ ቤቱ ፈንታ ተበልታ እንድታልቅ ነው የተገጠመችው» አሉት ጋሼ። «ከቀባናት ተራው የማርሽ ቤቱ ነው።»

«ትንሽ ጥቁር ስፕሬይ ብቻ...» አለ ሰውየው።

ጋሼ ስፕሬዩን አንስተው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።