ባለ ቆርኪው ኦገር

ባለቤቴ «ካርቶኖቹ» ነው የምትላቸው። እንግዳ ሲመጣ «ቤት ልንለቅ አይደለም፣ የሱ ካርቶኖች ናቸው» ብላ ታስረዳለች። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ውስጥ 31 የቦርድ ጌም፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ሳጥኖች አሉኝ። ሁሉም ስለ ጠፈር፣ ስለ ሮቦት፣ ስለ መጪው ዘመን ናቸው። ስለ እርሻና ስለ ንግድ የሆኑትን አልገዛም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ግማሹን እንኳ ተጫውቼ አላውቅም።

ትዋይላይት ኢምፔሪየምን ውሰዱ። አራተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፤ እኔም አላስቻለኝም፣ ገዛሁት። 17 የጠፈር ሕዝቦች፣ በመቶ የሚቆጠሩ የፕላስቲክ መርከቦች አሉት። ችግሩ ሰው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ኡበር ይነዳል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አያልቅበትም። በስንት መከራ አንድ እሑድ ስድስት ሆነን ተሰበሰብን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀመርን። መሀል ላይ ሜካቶል ሬክስ የምትባል ፕላኔት አለች። እሷን አንድ ሰው ከያዘ በኋላ በየዙሩ የሕግ ሐሳብ ይቀርብና ድምፅ ይሰጣል። አበሻ ደግሞ ድምፅ ስጥ ሲባል መጀመሪያ ንግግር ያደርጋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ማንም ሳያሸንፍ ተበታተንን። ሁለቱ ለሳምንት ያህል አልተነጋገሩም።

ቴራፎርሚንግ ማርስ ይሻላል። ማርስን ከ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንስታችሁ 8 ዲግሪ እስክትደርስ ታሞቃላችሁ፣ ኦክስጅኑን 14 በመቶ ታደርሳላችሁ፣ ዘጠኝ ውቅያኖስ ትሞላላችሁ። ደስ ይላል። ግን ሀብታችሁን የምትይዙበት ሰሌዳ ስስ ነው፤ ትንንሾቹ ኩቦች በላዩ ላይ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት። እናቴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ረከቦቱን ስታቀርብ ጠረጴዛውን ነካችው። የሁለት ሰዓት ልፋታችን ብረቱ ከታይታኒየሙ፣ ታይታኒየሙ ከእጽዋቱ ተደባለቀ። ደንግጣ ሰሌዳውን አንስታ አየችውና «ገበጣ እንኳ ጉድጓድ አለው» አለች። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም።

የምወደው ጨዋታ ግን ሌላ ነው፤ ኦገር። ስቲቭ ጃክሰን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክሳስ ውስጥ ሜታጌሚንግ የሚባል ድርጅት ያወጣው። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ዋጋው 2 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሆነ ጨዋታ ነበር። አንዱ ተጫዋች ሙሉ ጦር አለው፦ ታንኮች፣ መድፎች፣ እግረኛ። ሌላው አንድ ጠጠር ብቻ ነው ያለው። ያ አንድ ጠጠር ሰው የማይነዳው፣ ራሱን የሚያዝ ግዙፍ ታንክ ነው።

ይኸው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪክስታርተር በሚባለው ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ላይ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ሰብስቦ በትልቁ ታተመ። ሳጥኑ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እኔ ያገለገለ አግኝቼ በአውቶቡስ ተሸክሜ አመጣሁት። ሻጩ «ምንም አልጎደለም» ብሎኝ ነበር። ቤት ስከፍተው ዳይሱ የለም። ለሁለት ቀን ወገቤን ይዤ ተኛሁ።

አምና አዲስ አበባ ስሄድ ታዲያ የወሰድኩት ትልቁን አይደለም። 23 ኪሎ ሻንጣ ለዘመድ ጫማና ለቫይታሚን እንኳ አይበቃም። ትንሿን እትም ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። እህቴ ቤት፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሁለተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ አኩርፎ ተቀምጧል። ሻማ አብርተን ካርታውን ዘረጋሁለት። ከጠጠሮቹ ግማሾቹ መንገድ ላይ ጠፍተዋል። እሱ ተነሥቶ ከጓሮ አንድ እፍኝ ቆርኪ ይዞ መጣ፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ዳማ የሚጫወቱበት። ፊቱ ወደ ላይ የሆነው ታንክ፣ የተገለበጠው እግረኛ ሆነ። ኦገሩን እኔ ያዝኩ።

ሕጉን አንዴ ነው የነገርኩት። የኦገሩን መሣሪያዎች እየመታህ ማዳከም ትችላለህ። ወይም የሚሄድበትን ሰንሰለት ትመታለህ። ሰንሰለቱን ስትመታ መሣሪያህ ምንም ያህል ቢሆን ዕድልህ አንድ ነው፤ ዳይሱ 5 ወይም 6 መውጣት አለበት። ከወጣልህ የመሣሪያህን ጉልበት ያህል ሰንሰለት ይበጠሳል። ማርክ ሦስት የሚባለው ኦገር 45 ሰንሰለት አለው። 15 ሲጎድልበት ፍጥነቱ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ጋሼ፣ መድፉ ስድስት ነው አይደል? እግረኛው አንድ?» አዎ። «እንግዲያው መድፎቹ እግሩን ይበሉት፣ ሌላው ይሙት።»

እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መድፍ ከሩቅ ይመታል፤ የኔ ሚሳይል እንኳ አይደርስበትም። ሦስቴ ተሳካለት፣ 18 ሰንሰለት ሄደ። ሜዳው መሀል መጎተት ጀመርኩ። እሱ እግረኞቹን አንድ በአንድ ከፊቴ ይደቅናል፣ እኔ በየዙሩ ቆርኪ እለቅማለሁ። ላጠፋው የምሄድበት ማዘዣ ጣቢያው አራት እርምጃ ሲቀረኝ የመጨረሻው ሰንሰለት ተበጠሰ። እህቴ ከማድ ቤት «ምንድን ነው ጩኸቱ? መብራት መጣ እንዴ?» አለች።

አልመጣም ነበር። ሌላ ሁለት ጨዋታ ደገምን፣ ሁለቱንም ተሸነፍኩ።

ትንሿን እዚያው ተውኩለት። ባለፈው ወር በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የቲቪ ካርቶን ቀዶ ጀርባው ላይ የራሱን ካርታ ሠርቷል፣ ባለ ስድስት ማዕዘኖቹን በማስመሪያ አስምሮ። ኦገሩ የዘይት ጠርሙስ ክዳን ነው። «ጋሼ፣ አሁን ሁለት ኦገር ነው፣ ለአራት ሰው» ይላል ጽሑፉ።

ትልቁ ሳጥን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ደርባበታለች።