ከቅርጫ ሞራ የልብስ ሳሙና፦ ልኩ፣ አሠራሩና የሚበላሽበት ምክንያት

በቤት የሚሠራ የልብስ ሳሙና የሚያዋጣው ስቡ በርካሽ ሲገኝ ብቻ ነው። ዘይት ከሱቅ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ሳሙና የሚሠራ ሰው ትርፉ ድካም ነው። ጎጃም ውስጥ ለፋሲካ፣ ለገናና ለዘመን መለወጫ ቅርጫ ሲታረድ ሞራው ብዙ ፈላጊ የለውም፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስም ቢሆን ሥጋ ቤቶች በትንሽ ዋጋ ይሰጡታል። የምሠራው በዚያ ሰሞን ነው።

ሞራውን በትንንሹ እቆርጥና ለ1 ኪሎ ግማሽ ሊትር ውኃና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሬ በዝግታ እሳት አቀልጠዋለሁ። ውኃው ስቡ እንዳያርር ይጠብቀዋል፤ ደሙና የሥጋው ብጥስጣሽም ከነጨው ውኃው ወደ ታች ይወርዳል። በጨርቅ አጥልዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላይ የረጋው ስብ እንደ ክዳን ተነሥቶ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቡናማ እድፍ በቢላ እፍቃለሁ። ሽታው ካልጠፋ በአዲስ ውኃና ጨው ይደገማል። በመጨረሻ ያለ ውኃ አቅልጦ መንጣጣቱ እስኪያቆም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ስቡ ውስጥ የቀረ ውኃ ሚዛኑን ያሳስታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ አብሮ ይሳሳታል። ጥሩ የኩላሊት ሞራ ከሆነ ከ1 ኪሎ ከ700 እስከ 800 ግራም ንጹሕ ስብ ይገኛል።

ልኩ ይህ ነው፦ ለ1 ኪሎ ንጹሕ የበሬ ስብ 138 ግራም ኮስቲክ ሶዳ (ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጠው የሚያቃጥል ኬሚካል) እና 350 ግራም ውኃ። ቁጥሩ በግምት የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ስብ ወደ ሳሙና ለመለወጥ የሚፈልገው የሶዳ መጠን የራሱ ነው፤ 1 ኪሎ የበሬ ስብ 141 ግራም ያህል፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ፣ የኑግና የሱፍ ዘይት 135 ግራም ያህል፣ የኮኮናት ዘይት ደግሞ 183 ግራም ያህል ይፈልጋል። ከዚያ ላይ 2 በመቶ እቀንሳለሁ፤ ጥቂት ስብ ሳይለወጥ ቢቀር ልብስ አይጎዳም፣ ሶዳ ቢተርፍ ግን እጅ ያቃጥላል። በዘይት ላይ ዘይት የሚቀላቅል ሰው እያንዳንዱን ለብቻው አስልቶ መደመር አለበት።

ጎጃም የኑግ አገር ስለሆነ በኑግ ዘይት ብቻ መሥራት ያምራል። አይሆንም። ሳሙናው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ውኃ ውስጥ ቶሎ ያልቃል፣ ውሎ ሲያድርም ብርቱካናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ይሸታል፤ ዘይቱ ከአየር ጋር ቶሎ የሚበላሽ ዓይነት ነውና። ከሞራ ጋር እስከ 15 በመቶ ቢገባ ግን አረፋውን ያሻሽላል። የተጠበሰበት ዘይትም በደንብ ተጠሎ በዚሁ መጠን ይገባል፤ መልኩን ያጠቁረዋል እንጂ ማጠቡን አይከለክልም።

ኮስቲክ ሶዳ የሚለካው በሚዛን ነው፤ በስኒም ሆነ በማንኪያ አይሆንም። 1 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ከሌለ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። ሶዳው ከአየር ርጥበት ይስባል፤ እርስ በርሱ የተጣበቀ ወይም የረጠበ ከሆነ ኃይሉ ቀንሷል፣ ልኩን ጠብቀው ቢሠሩም ሳሙናው ቅባታም ይሆናል። ስለዚህ እንዳልተከፈተ መግዛት፣ የተረፈውንም ጠባብ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ማስቀመጥ።

አሁን ስለ ዕቃው። ብዙ ቤት «ብረት ድስት» የሚባለው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ እየፈላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት አጠገብ ይቀጣጠላል። ሶዳው የሚሟሟው ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ነው፣ የሚማሰለውም በእንጨት ማማሰያ። ጓንት፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌና የተዘጋ ጫማ ይደረጋል፤ ሥራው ደጅ፣ ልጆች በሌሉበት። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውኃ ሶዳው ላይ አይደፋም፤ ከተደፋ በቅጽበት ፈልቶ ይረጫል። በትክክል ሲሠራም ውኃው ከ80 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ እንፋሎቱም ጉሮሮ ይቆርጣል። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ኮምጣጤ አይፈስበትም። ዓይን ከነካ እያጠቡ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የበሬ ስብ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን እንኳ መርጋት ይጀምራል። እንጅባራ፣ ዳንግላ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ በጠዋት ብርድ ከተሠራ ስቡ ከሶዳው ጋር ሳይዋሐድ በብርዱ ብቻ ይወፍራል። ያየው ሰው «ደረሰ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ በማግሥቱ ከላይ የረጋ ስብ፣ ከታች የሚያቃጥል ውኃ ይገኛል። እኔ የምሠራው ቀትር ላይ ነው፤ ስቡ 55፣ የሶዳው ውኃ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀስ ብዬ አንዱን ወደ ሌላው አፈሳለሁ። የወፈረው በእውነት መሆኑን ለማወቅ ባልዲውን የሞቀ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሞቆ እንደገና ከቀጠነና ዘይት ካንሳፈፈ ገና ነው፣ ማማሰሉ ይቀጥላል። በእጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ጥቂት ማረፍ አይጎዳውም። ከማማሰያው ሲንጠባጠብ ላዩ ላይ ምልክቱ ሳይጠፋ ከቆየ ደርሷል።

ፌስታል በተነጠፈበት ካርቶን ይገለበጥና ሙቀቱ እንዲቆይ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፈናል። በ24 ሰዓት ውስጥ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የሞራ ሳሙና ቶሎ ስለሚደድር ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ቢላ ሲገባበት ይፈረፈራል። ከዚያ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ እርስ በርሱ ሳይነካካ 4 ሳምንት ይደርቃል። ክረምት ላይ 6 ሳምንትም አይበቃው፤ የፋሲካው ግን ዝናቡ ሳይጠና ይደርሳል። ደርቆም ቅባቱ እጅ ላይ የሚቀር ከሆነ ሶዳ አንሷል። ሲቆረጥ ፈሳሽ ያዘለ ቀዳዳ ካለው ወይም እንደ ኖራ ተሰባብሮ ከፈረሰ ሶዳው በዝቷል ወይም አልተዋሐደም፤ በጓንት ፈቅፍቆ በጥቂት ውኃ በቀስታ እሳት እየማሰሉ ማቅለጥ ነው፤ ሶዳው በዝቶ ከሆነ ንጹሕ ስብም ይጨመርበታል፤ አሉሚኒየም ድስት ግን አሁንም አይገባም። ላዩ ላይ ብቻ የሚታይ ስስ ነጭ ዱቄት አያሳስብም፤ ሶዳው ከአየር ጋር የሠራው ነው፣ ይፋቃል።

1 ኪሎ ስብ ከነውኃውና ሶዳው ወደ 1.5 ኪሎ ይጠጋል፣ ሲደርቅ 1.3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የስቡን፣ የሶዳውንና የማገዶውን ወጪ ደምሮ ለ1.3 ማካፈል፣ ውጤቱን ከሱቅ ሳሙና የኪሎ ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። በፍሬ ማወዳደር ያሳስታል፤ የሱቁም ሳሙና ውስጡ ውኃ አለው።

ዱቄት የሚፈልግ ሰው የደረቀውን ሳሙና ፈቅፍቆ ከሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት፣ ውኃን የሚያለሰልስ ዱቄት) ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅላል፤ ለ10 ሊትር ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሶዳ አሽ ከኮስቲክ ሶዳ የተለየ ነገር ነው፤ ሲገዙ አለመደናገር ነው። እኔ ግን አልቀላቅላቸውም። የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ካልሲየም ሲበዛበት ሳሙናን ወደ ግራጫ ዝቃጭ ይለውጠዋል፤ ያ ዝቃጭ ነጭ ልብስ ላይ እየተጣበቀ ያደበዝዘዋል፣ ያደድረዋልም። ሶዳ አሹ ቀድሞ ውኃው ውስጥ ከሟሟና ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ካልሲየሙን ይይዘዋል፣ ሳሙናው የሚሠራው ለእድፉ ብቻ ይሆናል። ውኃውን ለመፈተን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ትንሽ ሳሙና ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል፤ አረፋ አንሶ የወተት ዓይነት ብጥስጣሽ ከታየ ሶዳ አሽ ያስፈልገዋል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ምንም አያስፈልገውም። ሱፍ ልብስ ላይ ሶዳ አሽ አይግባ፤ ባለ ጥለት ነጠላም ቀለሙ እንዳይለቅ ጫፉ ላይ መሞከር አለበት። ለማጠቢያ ማሽን ይህን ሳሙና አልመክርም፤ ዝቃጩ ቱቦው ውስጥ ይጠራቀማል።

ለነጭ ጋቢና ነጠላ ከዚህ ሁሉ እንዶድ ይቀላል። ፍሬው ሳይበስል አረንጓዴ እያለ ተለቅሞ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ አቧራው ስለሚያስነጥስና ዓይን ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫን መሸፈን ነው። ለ10 ሊትር ውኃ አንድ መቶ ግራም ያህል በጨርቅ ቋጥሬ እዘፈዝፋለሁ፤ ጨርቁ ካልተቋጠረ ፍርፋሪው ጋቢው ክር ውስጥ ይገባል። ለቅባት እድፍ ከሳሙና ይደክማል። እጣቢው ግን ወደ ምንጭም ሆነ ወደ ወንዝ አይደፋ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ፍሬ ዓሣንም ይገድላል። ጣናና ዓባይ ዳር የሚያጥብ ሰው እጣቢውን ከውኃው ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ይድፋው።