ኮንቴይነሩ ሳይጫን የሚያልቅ ጉዳይ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ የቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት የምንሠራባት ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። ኤምዲኤፉንና እንጨቱን እዚሁ እንገዛለን። ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሀዲድ፣ እጀታ፣ ቁልፍና ቪቴ ግን መርካቶ የተገኘውን ነበር የምንገጥመው። ቀስ ብሎ የሚዘጋው ማጠፊያ አንዴ ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። በመጨረሻ የአስመጪነት ፈቃድ አወጣሁና አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከቻይና ለማምጣት ተነሳሁ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ዕቃቸው እዚያ ተቀምጦ የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ከነፃ ቀኖቹ በላይ ሲቆይ የሚቆጥር ክፍያ) የበላቸው ሰዎች ግን አውቃለሁ። ሁሉም «ጉምሩክ አዘገየኝ» ይላሉ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ ስላቸው፣ የብዙዎቹ ችግር የተወለደው ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኢንቮይሱ (የዋጋ ሰነዱ) ሌላ ይላል፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የካርቶኖቹ ዝርዝር) ሌላ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣን ሰው የትኛውም መሥሪያ ቤት ቢሆን ያዘገየዋል።

ስለዚህ ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልኝን ሰው፣ የፈለግኩት ዕቃው ሲደርስ ሳይሆን ከማዘዜ በፊት ነው። ያገኘኋቸው ሰው ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ያረጁ አባት ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ወረቀቱን ገና ረቂቅ እያለ አሳዪኝ። ዕቃው ከተጫነ በኋላ የምታመጪልኝን ማንበብ እንጂ ማስተካከል አልችልም።»

ፎሻን ያለው ሻጭ የላከልኝ ፕሮፎርማ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የፈርኒቸር አክሰሰሪ፣ አንድ ሎት»፣ ከጎኑ ጠቅላላ ዋጋ። ጋሼ አይተው ሳቁ። ምን ዓይነት ዕቃ? ከምን የተሠራ? ስንት ፍሬ? ስንት ኪሎ? ዕቃውን የሚመድበው የጉምሩክ ሰው እነዚህን ሳያውቅ ታሪፍ ሊሰጥ አይችልም። ባለ ስድስት አሃዙ የኤችኤስ ኮድ (ዕቃ የሚመደብበት ዓለም አቀፍ ቁጥር) ለማጠፊያ 8302.10 ነው። ለመሳቢያ ሀዲድና ለብረት እጀታ 8302.42 ነው፤ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ወደ 3926.30 ይሄዳል። የቁም ሳጥን ቁልፍ 8301.30 ላይ ነው። ቪቴ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ምዕራፍ፣ 7318 ውስጥ ነው ያለው። ለእኔ ሁሉም አንድ ካቢኔት ላይ የሚገጠም ዕቃ ነበር። ለታሪፍ መጽሐፉ ግን አይተዋወቁም።

ሻጩ የራሱን ኮድ ሲልክልኝ አሃዙ ከእኛ በለጠ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በየትኛውም አገር ተመሳሳይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት የየአገሩ ስለሆኑ የቻይናውን እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ስድስቱን አመሳክረን ቀሪውን ከኢትዮጵያ ታሪፍ መጽሐፍ ወሰድን። ያጠራጠረን እጀታው ነበር፤ ሻጩ ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን ጠየቅነው። የምደባ ጥያቄ ለከበደው ሰው ጉምሩክን የቅድሚያ ውሳኔ መጠየቅ እንደሚቻልም ጋሼ ነግረውኛል።

ኢንቮይሱ ተመላልሶ ተስተካከለ። እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ መስመር ተቀመጠ፦ ስሙ፣ ሞዴሉ፣ የተሠራበት ነገር፣ ብዛቱ፣ የአንዱ ዋጋ። የድርጅቴ ስም ከንግድ ፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል እንዲገጥም አደረግኩ። ሻጩ መሰልቸቱ ከዊቻት መልእክቱ ያስታውቅ ነበር። ይሰልች! ገንዘቡ የእኔ ነው።

ዋጋውን አሳንሰሽ አስጽፊ ያለኝ ሰው አልጠፋም። ቀረጡ ይቀንሳል በሚል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ነገር ነው። ወንጀል መሆኑ ሳያንስ፣ ጉምሩክ የተመሳሳይ ዕቃዎችን ዋጋ ይዟል፤ የእናንተ ካነሰበት ማስረጃ አምጡ ይላል፣ ክርክሩ ሲጓተት ኪራዩ ይቆጥራል። እኔ ትክክለኛውን ዋጋ አስጽፌ ፕሮፎርማውን፣ ከሻጩ ጋር በዋጋ የተነጋገርንበትንና የባንኩን የክፍያ ማስረጃ በአንድ ክላሰር ያዝኩ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ጭነቱ። ሻጩን ሦስት ነገር ጠየቅኩት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ቁጥር ይጻፍበት፤ ቁጥሩም ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ሁለተኛ፣ የተጣራው ክብደትና ከነካርቶኑ ያለው ክብደት ለየብቻ ይቀመጥ። የብረት ዕቃ ላይ ክብደት ሲዛባ ጥያቄ ያስነሳል። ሦስተኛ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ካርቶን በር አጠገብ ይቀመጥ። ይቺ የመጨረሻዋ የጋሼ ምክር ናት። ፍተሻ ቢደርስብሽ፣ አሉ፣ ዕቃው ተደባልቆ ከሆነ የጉልበት ሠራተኛ ቀጥረሽ ኮንቴይነሩን እስከ ጥጉ ታራግፊያለሽ። ሲጫን ፎቶ እንዲያነሱም አዘዝኩ፦ ባዶውን፣ ግማሽ ሲሞላ፣ ሲዘጋ፣ ከዚያ በሩ የታሸገበትን ሲል ቁጥር።

የባንኩንና የመርከቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በኤልሲ (ባንክ ሰነዱን አይቶ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ) ነው የከፈልኩት፤ ኢንሹራንሱን ከአገር ውስጥ ኩባንያ ገዛሁ። ዕቃው የመጣው በመልቲ ሞዳል ነው፤ ማለትም ከቻይና ወደብ በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ እስኪገባ ኃላፊነቱ የአንድ አጓጓዥ ነው። ንግድ ፈቃዳችሁ ግን መታደሱን አረጋግጡ። የእድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ዕቃው ጥር ላይ ሲደርስ ይደነግጣል።

ወረቀቱ ጥርት ብሎ ብር ያጣም ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ይህን ብዙ ሰው አይቶታል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ቀረጥ የሚሰላበት የብር ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ሒሳቡን ቀድሜ ሠራሁ። ለምሳሌ ዕቃው፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምረው 1,000,000 ብር ቢሆኑና ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን፣ ቀረጥ 200,000 ነው። በመነሻው ዋጋና በቀረጡ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 180,000 ይሆናል። ሁሉም በተደመረበት ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) 138,000 ነው። እኔ ባስመጣሁበት ጊዜ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚያዝ የገቢ ግብር) እና 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥም ነበሩ፤ ሁለቱም በመነሻው ዋጋ ላይ ስለሚሰሉ 30,000፣ 30,000። ጠቅላላው 578,000 ብር! ከዕቃው ዋጋ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ዊዝሆልዲንጉ በዓመቱ ግብር ላይ ይታሰብልሃል ቢባልም፣ ያን ቀን ግን ጥሬ ብር ነው የሚፈለገው። እኔ ምንዛሪው ቢወጣ ብዬ ጨመር አድርጌ ለብቻው አስቀመጥኩ።

ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ሲመዘገብ ሲስተሙ ቀይ መስመር ሰጠን፤ ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል ማለት ነው። አረንጓዴ ቢሆን ያለ ፍተሻ ያልፍ ነበር፤ ቢጫ ቢሆን ሰነዱ ብቻ ይታያል። ለአዲስ አስመጪ ቀይ የሚጠበቅ ነው አሉኝ ጋሼ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ሞጆ ላይ በሩ ሲከፈት የየዓይነቱ ካርቶን ፊት ለፊት ተደርድሯል። ፈታሹ ፓኪንግ ሊስቱን ይዞ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየ። አንዱን ካርቶን ቀድዶ ማጠፊያ አወጣና ክንዱን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ማጠፊያው ቀስ እያለ ተከደነ። «ይሄ ነው እንዴ ኪችን ላይ የማይጮኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ደገመና ገፋው። ከዚያ እጀታዎቹን በማግኔት ሞከረ፣ የሻጩን ማረጋገጫ አየ፣ ጻፈ። ከምሳ በፊት ተዘጋ። ነፃ ቀኖቹ ሳያልቁ ከፍለን መልቀቂያ አገኘን።

ከባድ መኪና በቀን መሀል ከተማ እንዳይገባ ገደብ ስላለ፣ ከተማ ውስጥ መጋዘን ያላቸው ሰዎች ሌሊት ይጠብቃሉ። ከከተማ ዳር መሆን ለዚህ ለዚህ ደግ ነው፤ እኛ በጠራራ ፀሐይ አራገፍን። ባዶውን ኮንቴይነርም በዚያው መኪና መለስኩት፤ ለኮንቴይነሩ ያስያዛችሁትን ገንዘብ የምታገኙት ሲመለስ ነው፣ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ክፍያው ይቆጥራል። የመመለሻ ደረሰኙን ከሾፌሩ ሳትቀበሉ የመኪናውን ሒሳብ አትዝጉ።