«ያለ ነው» ያልኳት ሴት

ፎርሙ ላይ ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ፊርማዋም አለ። ፅንስ ማቋረጥ የሚያስከትለውን ሁሉ እንዳስረዳኋት ይመሰክራል። በአራተኛው ቀን ፊቷ አመድ መስሎ፣ ሰው ደግፏት ስትመጣ ግን ወረቀቱ ለእሷም ለእኔም አልጠቀመም።

እርግዝናው ገና ስምንት ሳምንቱ ስለነበር ክኒኑን መርጣ ነበር። መጀመሪያ ሚፌፕሪስቶን፣ ከ1 እስከ 2 ቀን ቆይቶ ሚሶፕሮስቶል። እኔም «ደም ይፈስሻል፣ ቁርጠት ይኖራል፣ አትደንግጪ፣ ያለ ነው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ጥያቄ አለሽ?» ስላት «የለኝም» አለች። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስትመለስ ለምን እንደዘገየች ጠየቅኳት።

«ዶክተር፣ ያለ ነው ብለውኝ የለ? እስኪቆም እየጠበቅኩ ነበር።»

ሌሊቱን ሙሉ ሞዴስ ስትቀያይር ነው ያደረችው። ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። በመምጠጫ መሳሪያ ወጣላት፣ ደም ተሰጣት፣ ዳነች። የእኔን አፍ ግን ሳልረግመው አላደርኩም። እሷ እኮ የነገርኳትን ነው ያደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወፍራም ሞዴስ አስቀምጣለሁ። «እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ካራስሻቸው፣ በሚቀጥለውም ሰዓት እንደዚያው ከሆነ፣ እንዳታድሪ፤ ነይ» እላለሁ። «ብዙ ደም» ሲባል ለአንዷ ጠብታ ነው፣ ለሌላዋ ጎርፍ። ሞዴሱን በእጇ ስትይዘው ግን ልክ ይኖረዋል።

«ጥያቄ አለሽ?» ማለቱንም ተውኩት። ሐኪም ፊት ጥያቄ አለኝ የሚል ስንት ሰው አለ? በሱ ፈንታ «እስቲ አሁን እኔ ታካሚ ልሁን፣ አንቺ አስረጂኝ» እላለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዷ ግን ጥሩ አድርጋ አስረድታኝ መጨረሻ ላይ «ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል እየዋጥኩ እተኛለሁ» አለች። ሚሶፕሮስቶሉን ከወሰደች በኋላ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ 38 ዲግሪ ትኩሳት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ባልጠይቃት ኖሮ ተኝታ ትጠብቀው ነበር።

ቁጥርም ላይ ተምሬያለሁ። «አልፎ አልፎ» የሚለው ቃል ምንም አይነግርም። አሁን 100 ሴቶች ብዬ እጀምራለሁ። ከ95 በላይ ለሚሆኑት ክኒኑ ብቻ ይበቃል። የቀሩት ተጨማሪ መድኃኒት ወይም በመሳሪያ መጠረግ ያስፈልጋቸዋል። ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ችግር ከመቶ አንድ አይሞላም። በመሳሪያ ሲሆን ደግሞ ማህፀን የመበሳት አደጋ አለ፤ በጣም ጥቂት ነው፣ ግን አለ፣ ስለዚህ ይነገራል። እርግዝናውን መቀጠልም የራሱ አደጋ እንዳለው እናገራለሁ። አንዱን ብቻ መዝኖ ምረጪ ማለት ምርጫ አይደለም።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ የወሰነውን ደጋግሜ አስባለሁ። ጉዳዩ የወሊድ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት እናት የልጁ ትከሻ ሊቀረቀር እንደሚችል አልተነገራትም። ሐኪሟ ብነግራት በኦፕራሲዮን ልውለድ ትላለች ብላ ዝም አለች። ፍርድ ቤቱ ግን መለኪያው ሐኪሙ ከባድ ነው ያለው ሳይሆን፣ በዚያች ሴት ቦታ ያለ ሰው ከባድ የሚለው ነው አለ። ለእኔ ተራ የሆነው ለእሷ ዋናው ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹን የሚያስፈራቸው ደሙ አይደለም፣ «ሁለተኛ ላልወልድ ነው?» የሚለው ነው። ያለ ችግር ያለቀ ፅንስ ማቋረጥ መውለድን አይከለክልም፤ እንዲያውም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ያልታከመ ኢንፌክሽን ግን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱንም እነግራታለሁ።

የሌለ አደጋ መጨመርም ያው ማታለል ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪሞች ስለ ጡት ካንሰር እንዲያነሱ የሚያስገድዱ ሕጎች ወጥተዋል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የ53 ጥናቶች ድምር ትንታኔ ግን ፅንስ ማቋረጥ ለጡት ካንሰር አያጋልጥም ብሏል።

አጃቢ ካለ ለአፍታ ውጭ ይጠብቃል። ባልም ይሁን እናት፣ እሷን ስጠይቅ እነሱ ናቸው የሚመልሱት።

በቅርቡ አንዷ ሁሉንም ሰምታ፣ መልሳ አስረድታኝ፣ ሳትፈርም «ነገ ልምጣ» አለች። ድሮ ቢሆን ደስ አይለኝም ነበር፤ ወረፋው ረጅም ነው። በማግስቱ መጣችና ክኒኑን ትታ በመሳሪያ ይሁንልኝ አለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሌሊት ደሙ ቢበዛባት ሐኪም ጋ የሚያደርሳት ሰው የለም። ያንን እኔ አላሰብኩትም ነበር።