ሳሙኤል ጆንሰን ለአሽከሩ የተናዘዘው

ለንደን ከፍሊት ስትሪት ጀርባ ባሉት ጠባብ ጠባብ መተላለፊያዎች ገብታችሁ ጎፍ ስኩዌር ስትደርሱ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን ቤት ሙዚየም ሆኖ ታገኙታላችሁ። በ1755 የወጣውን ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው እዚ ጣሪያው ስር ባለው ክፍል ነው፣ ስለ ሐበሻ ልዑል ልብወለድ የጻፈውም እሱ ነው፣ እኔ ግን የሄድኩት ለአሽከሩ ለፍራንሲስ ባርበር ብዬ ነው።

ባርበር ጃማይካ በባርነት ተወልዶ በ1750 ነው የዛን ጊዜ ጌታው (ጆንሰን አይደለም) እንግሊዝ ያመጣው። ጌትየው ሲሞት በኑዛዜው ነጻነቱንና 12 ፓውንድ ተወለት። ከዛ 30 አመት ገደማ ቆይቶ ጆንሰን ሊሞት 5 ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 8 1784፣ ኑዛዜውን አጻፈ። ልጅ የለው፣ ሚስቱም ቀድማው ሞታለች፣ ሊችፊልድ ያለው የአባቱ ቤት ተሽጦ ለዘመዶቹ ይከፋፈል አለ፣ አባቱን በክፉ ቀን ለደረሰለት መጽሐፍ ሻጭ ወራሾች 200 ፓውንድ (ሰውየው ራሱ እኮ ሞቷል፣ ውለታው ግን አልተረሳም!)፣ ለሌሎችም የየድርሻቸውን ሰጠና የቀረው ገንዘብ፣ መጽሐፉ፣ የብር እቃው፣ የቤት እቃው በሙሉ ለባርበር። ሐኪሙን ለታማኝ አሽከር ስንት ይበቃል ብሎ ሲጠይቀው መኳንንት እንኳ ቢሰጡ በአመት 50 ፓውንድ ይበቃል አለው፣ እሱ 70 አደረገው።

ከኑዛዜው አስፈጻሚዎች አንዱ ሰር ጆን ሃውኪንስ ግን ለጥቁር ሰው ይሄ ሁሉ ችሮታ ምን ሲባል ብሎ በ1787 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሳይቀር ተቃወመ። ይሄን ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። ቤቱ ፊት ለፊት የጆንሰን ድመት የሆጅ የነሐስ ሐውልት አለ፣ መዝገበ ቃላቱ ላይ ቁጭ ብሎ አጠገቡ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ተቀምጦለታል። ለድመቱ ኦይስተር ለመግዛት ጆንሰን ራሱ ነበር የሚወጣው፣ ባርበር ለድመት ተላከ ተብሎ ክብሩ እንዳይነካ።

በሌላ ቀን ለንደን ካለው የዩስተን ጣቢያ በባቡር ሊችፊልድ ሄድኩ። የኑዛዜው ቤት ገበያው አደባባይ ዳር ነው፣ በ1785 በ235 ፓውንድ ተሽጦ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ባርበርም ጆንሰን እንደተመኘለት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዚ ከተማ ገባ። ገንዘቡ ግን አልበረከተለትም፣ የጆንሰንን እቃዎች እስከመሸጥ ደርሶ በኋላ በርንትዉድ የምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በባርነት የተወለደው ሰው የእንግሊዝ ልጆችን ፊደል አስቆጠረ፣ በ1801 ስታፎርድ ውስጥ ሞተ። ዘሮቹ ዛሬም እዛው አካባቢ አሉ።