ሐረር፦ ባጅ በአንገቴ፣ ሽርጥ በወገቤ

ስብሰባ የምትሄደው ለአበል ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። አልክድም። የሐረሩ ግን ትንሽ ይለያል።

ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ ተነስተን የደንገጎን ዳገት ወጣን፣ አወዳይ የጫት ገበያ መሀል ተጨናንቀን ቆምን፣ ከዚያ ሐረር ገባን። ድሬ ላይ ያወለቅኩትን ኮት ሐረር ላይ መልሼ ለበስኩት።

ምዝገባ ላይ የወረቀት ቦርሳ ታደለን። ውስጡ እስክሪብቶ፣ ደብተርና ከተማዋን የሚያስተዋውቅ በራሪ ወረቀት አለ። «ህያው ሙዚየም» ይላል ከላይ። ከስሩ ቁጥር ነው። 82 መስጊድ፣ 102 አዋች (የወሊዮች መታሰቢያ ስፍራዎች)፣ 5 ጥንታዊ በሮች፣ በ1998 ዓ.ም. የዩኔስኮ ቅርስ። ይህ ሁሉ 1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በማይሞላው ጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው። መርሐ ግብሩ ላይ የተመደበለት ጊዜ ደግሞ ሁለት ሰዓት፤ በመጨረሻው ቀን፣ ከምሳ በኋላ።

ማታ ሳሙና ተቀብቼ ሳለሁ ቧንቧው አስነጠሰና ዝም አለ። ጥግ ላይ በርሜልና ጣሳ አለ። በርሜሉ ባዶ። እንግዳ መቀበያ ብደውል «ነገ ይመጣል» አሉኝ። በማግስቱም «ነገ» ነው። ሐረር ውሃ ያስቸገራት ከተማ ናት። ለዓመታት ያጠጣት የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ሁሉ ነበር። ስለዚህ ቧንቧው አልገረመኝም። ግን ሰው ከመምጣቱ በፊት በርሜል መሙላት ምን ይከብዳል? ሳሙናውን በፎጣ ጠርጌ ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ አሳከከኝ።

የመጀመሪያው ቀን ስብሰባ፦ መክፈቻ ንግግር፣ የቡድን ፎቶ፣ ሻይ፣ ፓወር ፖይንት። አለቀ።

በሁለተኛውና በመጨረሻው ቀን በሻይ ዕረፍት ሹልክ አልኩ። ባለባጃጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ለማድረስ 200 ብር አለኝ፣ ከፈልኩ። ያንኑ መንገድ ስመለስ በ50 ብር መጣሁ። ያኔ ነው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ምን እንዳስከፈለኝ የገባኝ። ስወርድ ደግሞ ሱሪዬን ብረት ያዘውና ተተረተረ፤ ያውም ከኋላ። ኮቴ አጭር ነው።

እድሌ ሆኖ የወረድኩት መኪና ግርግር አፍ ላይ ነበር። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። መኪናው የስፌት መኪና ነው፣ ግርግሩም የእሱ ድምፅ። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ደጃፍ ይዘው ይሰፋሉ። የወረቀት ቦርሳውን ከኋላዬ ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ተጠጋሁ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ይህቺን ቢሰፉልኝ?»

ግራና ቀኝ አዩ። «ስንት ሰው ነው የምታናግረው አቦ? እኔ ብቻዬን ነኝ። አውልቀው!»

«እዚህ?»

ሽርጥ ወረወሩልኝ።

ሐረር ላይ «አንቱ» ብዙ አይሰራም። ልጁም ሽማግሌውን «አንተ» ይላል፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ደግሞ ጎረቤቴን «አንተ» ለማለት አምስት ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝ። «አንተ» ልል ስሞክር ምላሴ ተሳሰረ። ተውኩት።

በኮት፣ በከረባት፣ በባጅና በሽርጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ደማቅ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ሲያልፉ «ሙሽራው!» እያሉ ሳቁብኝ። አንዲት ልጅ ሳልጠይቃት ቁጢ አመጣችልኝ። የቡና ቅጠል ነው፤ በወተት የፈላ፣ ጨው ያለበት። የመጀመሪያው ጉንጭ አልዋጥ አለኝ። ሁለተኛ ስኒ የጠየቅኩት ግን ራሴ ነኝ።

አባባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስፌቱን ሁለቴ መላልሰው ሰፉ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ሂሳብ ብል «ተወው፣ እንግዳ ነህ» አሉ። በግድ 20 ብር አስያዝኳቸው።

«አዲስ አበባ ስትገባ ለጓደኞችህ ንገራቸው» አሉኝ። «ሱሪያቸው ተቀዶ ይምጡ።»

እየሳቅኩ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ ወረድኩ። ሥጋ ተራው ጋ ጭልፊቶች ይዞራሉ። አንዱ ሰውዬ ቁራጭ ሥጋ ከፍ አድርጎ ሲይዝ አንዷ ተወርውራ ነጠቀችው። ክንፏ ጆሮዬን ነካው።

ከሰዓት በኋላ ለጉብኝት በአውቶቡስ ወሰዱን። የሐረሪ ቤት ገባን፤ ግድግዳው ሙሉ የሣር ስፌት፣ ነደባዎቹ (ከፍ ያሉት መቀመጫ መደቦች) ደረጃ ደረጃቸውን ይዘው ምንጣፍ ለብሰዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ እየተነገረን ሳለ ሰዓት አልቋል ተባልን። ግማሽ ሰዓት ከመክፈቻ ንግግሩ ላይ ቀንሰው ቢሰጡን ምን ነበረበት?

ማታ የጅብ ምገባ አየን። ስለ ጅቡ ሁሉም ስለጻፈ እዘለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ትንፋሹን ማንም አላስጠነቀቀኝም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ከተማዋን ከጠላት ለመከላከል በግንብ አጠሩ። በግንቡ ግርጌ ግን ጅቦች ሌሊት የሚገቡበት ቀዳዳ አለ። ገብተው የከተማውን ቆሻሻ ይጠርጋሉ።

ወደ ሆቴል ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የአስተያየት ቅጽ ታደለ። «በቆይታዎ የበለጠ ያስደሰተዎት?» ይላል። ምርጫዎቹ አዳራሽ፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለው ላይ «ልብስ ሰፊው» ብዬ ጻፍኩ። ከስሩ ስለ ሆቴሉ ሁለት መስመር ብቻ ነበር የተተወው። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ።