የወሎን አድራሻ በራሳችን ሰርቨር ላይ

ኮምቦልቻ ካለው የሕክምና ዕቃ መጋዘናችን ወደ ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት የሚሄደው ዕቃ የሚታዘዘው በስልክና በቴሌግራም ነው። የቦታው ስም እንደ ላኪው እጅ ይለያያል፤ አንዱ «ሐይቅ» ብሎ ይልካል፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሌላው ደግሞ «ሃይቅ»። ወረኢሉን አያይዞ የሚጽፍ አለ፣ ነጥሎ የሚጽፍም አለ። የእኔ ሥራ እነዚህን ስሞች ወደ ካርታ ነጥብ መለወጥ ነው። ነጥቡ ከተገኘ የትኛው መኪና በየት መስመር ይውጣ የሚለው ብዙም አያደክምም።

ለዚህ የመረጥኩት ኖሚናቲምን ነው፤ የኦፕንስትሪትማፕን፣ በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚሠሩትን የነፃ ካርታ መረጃ፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብቶ ስም ሲጠየቅ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚመልስ ነፃ ሶፍትዌር። በይነመረብ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኖሚናቲም ሰርቨር አለ። ደንቡ ግን በሰከንድ ከ1 ጥያቄ በላይ አይፈቅድም፤ አድራሻ በጅምላ ማስፈለግንም አይወድም። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ካለ አልገባውም ማለት ነው፣ ሰርቨሩ የሁላችንም ነውና። በራሳችን ሰርቨር እንድንጭነው ያስወሰነን ግን ኔትወርኩ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ መኪናው መጫኑን አያቆምም፤ አድራሻ ፈላጊው ከተኛ ግን ወረቀት ይዘን ወደ መጠየቅ እንመለሳለን።

ጥሬው መረጃ የሚወርደው የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ ቆራርጦ ከሚያቀርበው ድረ ገጽ፣ ከጂኦፋብሪክ ነው። አገር በአገር ተቆርጦ ተቀምጧል፤ የኢትዮጵያው ፋይል አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ለመላው ዓለም የሚጭን ሰው 128 ጊጋባይት ራምና ቢያንስ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ እንዲያዘጋጅ ይመከራል፣ እኛን ግን ይህ አይመለከተንም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ዴስክቶፕ ይበቃል፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ እስከሆነ ድረስ። ፋይሉን አውርዳችሁ ስትጨርሱ አጠገቡ ካለው የኤምዲ5 ቁጥር (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን ከሚያሳየው) ጋር አስተያዩት፤ በእኛ መስመር ግማሽ መንገድ ላይ የሚቋረጥ ብዙ ነው።

ወሎን ብቻ ቆርጠህ ለምን አላስገባህም የሚለኝ ሰው አለ። ይቻላል። ነገር ግን መቁረጫው መስመር የወረዳና የዞን ድንበሮችን መሐል ለመሐል ይከፍላቸዋል፤ ኖሚናቲም ደግሞ «ይህ ቦታ የየትኛው ወረዳ ነው» የሚለውን የሚያውቀው ድንበሩ ሳይጎድል ሲገባለት ነው። አገሪቱን በሙሉ አስገብቶ ፍለጋውን በኋላ ማጥበብ ይሻላል።

ማስገባቱ ራሱ ሁለት ትልልቅ ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ኦኤስኤም-ቱ-ፒጂኤስኪውኤል የተባለው መሣሪያ ፋይሉን አንብቦ ወደ ሠንጠረዥ ይገለብጣል። ቀጥሎ ኢንዴክሲንጉ ይመጣል፤ ከአገር ጀምሮ በደረጃ እየወረደ፣ መንገዱ ደረጃ 26 ላይ፣ ቤቱ ደረጃ 30 ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አድራሻውን እያሰላ ያስቀምጣል። ረጅሙን ሰዓት የሚበላው ይኼኛው ነው።

አሁን ወደ መብራት ልምጣ። መመሪያዎች ላይ ለመጀመሪያው ጭነት የፖስትግሬስን ኤፍሲንክ ዝጉ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ኤፍሲንክ ማለት ዳታቤዙ የጻፈው ነገር በእርግጥ ዲስኩ ላይ ማረፉን ሳያረጋግጥ ወደፊት እንዳይሄድ የሚያደርገው ነው። ሲዘጋ ሥራው ይፈጥናል፤ ደረሰኝ ሳይቆርጡ ዕቃ እንደማስረከብ ነው። መብራት የማይሄድበት አገር ያለ ሰው ይዝጋው። ኮምቦልቻ ላይ መሐል መንገድ መብራት ከሄደ ግን ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል፤ ክፋቱ ደግሞ መበላሸቱ ወዲያው ላይታይ መቻሉ ነው። እኔ ክፍት አድርጌ ነው የጫንኩት። በምትኩ ሲንክሮነስ-ኮሚት የሚባለውን ዘጋሁ፤ እሱ ቢዘጋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ግቤቶች ቢጠፉ እንጂ ዳታቤዙ አይፈርስም። መብራትም ሄደ፣ ዩፒኤሱም ጀኔሬተሩ እስኪነሳ አልቆየም። ግን ኖሚናቲም ከቆመበት የሚቀጥልበት ትእዛዝ አለው፤ መረጃው ገብቶ ኢንዴክሲንግ ላይ ከነበረ «ከኢንዴክሲንግ ቀጥል» ማለት ነው፣ ከዜሮ አይጀምርም። ኤፍሲንኩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ትእዛዝ አምኖ መስጠት አይቻልም ነበር።

ከጭነቱ በፊት መስተካከል ያለበት፣ በውጭ አገር መመሪያ ላይ ግን ማንም የማያነሳላችሁ ነገር ፊደላችን ነው። ኖሚናቲም ፊደል ቢሳሳት ገምቶ የሚያገኝ ዓይነት አይደለም፤ ያስገባችሁትን ስምና የጠየቃችሁትን ስም በአንድ ዓይነት ደንብ አቅልሎ ያስተያያል፣ ካልገጠመ የለም ይላል። ስለዚህ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲመጡለት ስሙን ወደ ቃላት በሚከፋፍለው ክፍል፣ በአይሲዩ ቶክናይዘሩ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። እያንዳንዱን ከነእርባታው ነው፤ ሃ እና ሓ፣ ኣ እና ዓም አይረሱ። ደንቡ የሚታተመው ጭነቱ ሲጀመር ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ በኋላ ፋይሉን ብትቀይሩት ዳታቤዙ አይሰማችሁም፣ እንደገና መጫን ነው። ይህን ካደረጋችሁ ሐይቅ በየትኛውም ሀ ቢጻፍ ይገኛል፤ ኮምቦልቻና ደሴ መሐል ያለው ሐረጎም እንዲሁ።

ወረኢሉን ግን ይህ አይፈታውም፤ ክፍተት ያለውና የሌለው ለቶክናይዘሩ ሌላ ሌላ ቃል ነው። መፍትሔው ራሱ ካርታው ላይ ነው፤ ኦፕንስትሪትማፕ ለአንድ ቦታ ከዋናው ስም ሌላ አማራጭ ስም፣ የቀድሞ ስም፣ የአካባቢ ስም የሚጻፍበት መስክ አለው። እዚያ የተጻፈ ስም በሚቀጥለው እድሳት ወደ እኛ ዳታቤዝ ይገባል።

ቀጣዩ ራስ ምታት ሞክሼ ቦታ ነው። «ቦረና» ብላችሁ ስትጠይቁ ደቡብ ወሎ ያለው፣ መካነ ሰላም ያለበት ቦረና ይቀድማል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የኦሮሚያው ቦረና ዞን ገናና ነው፣ ኖሚናቲም ደግሞ ገናናውን ያስቀድማል። ሮቢትም እንዲሁ፦ ቆቦ በኩልም አለ፣ ሸዋም አለ። ጥያቄው ላይ የፍለጋ ሳጥን ማስገባት ይህን ይቆርጠዋል። ከ38.2 እስከ 40.3 ኬንትሮስ፣ ከ10.2 እስከ 12.5 ኬክሮስ ብትሉት ከመካነ ሰላም እስከ ባቲ፣ ከከሚሴ እስከ ቆቦ፣ ላሊበላም ጭምር ይገባል። ከሳጥኑ ውጭ አትውጣ የሚለውንም ማብራት አለባችሁ፣ አለበለዚያ ሳጥኑ ምክር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም ኬንትሮስ መጀመሪያ ነው፤ ብትገለብጡት ወሎን ባሕር ማዶ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ከከተማ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ድንበሩ ያልተሰመረለትን ቀበሌ ኖሚናቲም በአቅራቢያው ካለ ስም ጋር ያያይዘዋል፤ አቅራቢያ የሚለው ግን በአሞራ መንገድ ነው። ደላንታ ላይ ቆማችሁ መቅደላን ማየት ትችላላችሁ፣ መሐል ያለው የበሽሎ ገደል ግን ለመኪና ቀልድ አይደለም። ሹፌራችን ስክሪኑን አይቶ «ልጄ፣ ይኼ ማሽን ክንፍ አለው እንዴ?» ብሎኛል። ልክ ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ የመንገዱን ርቀት የሚያሰላ ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልጋል፤ የኖሚናቲም ሥራ እዚያው ነጥቡ ላይ ያልቃል።

እድሳቱ ቀላል ነው። ጂኦፋብሪክ የየቀኑን ለውጥ ለብቻው ያወጣል፤ ኖሚናቲም በ86400 ሰከንድ አንዴ ሄዶ እንዲያመጣው ይታዘዛል። ሌሊት ያመጣል፣ ኔትወርክ ከሌለ በማግስቱ የተጠራቀመውን ያመጣል። እኔም የማውቃቸውን የሰፈር ስሞች ቀስ በቀስ ካርታው ላይ እየጨመርኩ ነው። ከሌላ ኩባንያ ካርታ ላይ አይቶ መገልበጥ ግን ክልክል ነው፤ በእግር የሄዳችሁበትን፣ በዓይን ያያችሁትን ብቻ።

ሰው የሚነግረን አድራሻ ደግሞ «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው። ይህን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አልጽፍም፣ ኖሚናቲምም አይፈታውም። በራሳችን ሠንጠረዥ፣ ከደንበኛው ስምና ስልክ ጎን፣ «ሹፌሩ እንዲህ ብሏል» የሚል ዓምድ ከፍቼለታለሁ። ሠንጠረዡን ከካርታው መረጃ ጋር አልቀላቀልኩትም፤ የኦፕንስትሪትማፕ ፈቃድ ከመረጃው አዋሕደህ የሠራኸውን ዳታቤዝ ለሕዝብ ካወጣህ በዚያው ፈቃድ አጋራ ይላል፣ የሰው ስልክ ደግሞ የሚጋራ ነገር አይደለም። ሁለቱ የሚገናኙት መውጫ ወረቀቱ ሲታተም ብቻ ነው፦ ነጥቡ ከኖሚናቲም፣ የወፍጮ ቤቱ ነገር ከሹፌሩ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የኦፕንስትሪትማፕ አበርካቾች ስም።